ከፍሎ ያደረው እንግዳ

አክስቴ የሚያከራዩትን ክፍል ዋጋ የለጠፉት ከበሩ ጀርባ ነበር። የከተማው መመሪያ ዋጋው እንግዳው በሚያየው ቦታ ይለጠፍ ይላል። እሳቸው ወረቀቱን በሩ ሲዘጋ ብቻ በሚታይበት በውስጥ በኩል ለጠፉትና በላዩ የቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ ሰቀሉበት። ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ስጠይቃቸው፣ ሰው ገና እግሩ ሳይገባ ዋጋ ማሳየት ሂድ ከማለት አይሻልም አሉኝ። ቀን መቁጠሪያውስ? እሱ ወረቀቱን ነፋስ እንዳይወስድባቸው ነው።

መመሪያውን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። የአባቴ እኅት ናቸው፤ እናቴ ከሞተች በኋላ ደባርቅ ወስደው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ኑሮዬ ጎንደር ነው፤ በሬዲዮ ጋዜጠኝነት ጠጉሬን አሽብቻለሁ። መንገድ፣ መኸር፣ ውሃ፣ የከተማ አስተዳደር፣ የወረዳ ስብሰባ፤ የእኔ ወሬ ይኸው ነው። ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር በሚኒባስ በዳባት አድርጌ እሳቸው ዘንድ እወጣለሁ።

ደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣ ሰው የመጨረሻውን ሌሊት የሚያድርባት ከተማ ናት። እንግዳ ጠፍቶ የቆየባቸው ክፉ ዓመታት አልፈው ሰው መመለስ ሲጀምር፣ ሆቴሎቹ ገና በራቸውን በቅጡ አልከፈቱም ነበር። ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ክፍል ያለው ሰው ሁሉ ክፍሉን ኖራ ቀብቶ፣ ስፖንጅ ፍራሽ ገዝቶ ማከራየት ያዘ። አክስቴም ሁለት አልጋ ዘረጉ። ብዙም ሳይቆይ ከተማው መመሪያ አወጣ። ክፍሉን ለአዳር የሚያከራይ ፈቃድ ያውጣ። ባለቤቱ እዚያው ግቢ ይኑር። ሽንት ቤቱ ውሃ ይኑረው። ያደረ ሰው በመታወቂያው ይመዝገብ፤ ስሙም በዚያው ምሽት ለቀበሌ ይነገር። ፈቃድ ባለው ቤት ያልተመዘገበ ሰው አይደር። ሳነብላቸው ተገቢ ደንብ ነው አልኩ። ዛሬም ተገቢ ነው እላለሁ። ማን የት እንዳደረ የማይታወቅባት ከተማ ምን እንደሚደርስባት ባለፉት ዓመታት አይቻለሁ።

አክስቴ ፈቃዱን አወጡ። ግቢው በር ላይ ሰማያዊ የቆርቆሮ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ተገዝቶ ከሽንት ቤቱ ጎን ቆመ። የሮቶው ክዳን ግን ከገደሉ በኩል የሚነሣውን ነፋስ አልቻለም። ነፋሱ በተነሣ ቁጥር ጎረቤት ግቢ እየወደቀ፣ «እትዬ፣ ባርኔጣዎ መጣ» እየተባለ ይመለስላቸው ነበር።

ወደ ቤቱ የሚመጣው እንግዳ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ወደ ተራራው የሚወጣው ነው፤ ይከፍላል። ሁለተኛው ከተራራው የሚወርደው ነው፤ አይከፍልም። አክስቴ የተወለዱት ተራራው ላይ፣ አምባራስ ነው። ከዚያ ለሆስፒታል፣ ለፍርድ ቤት፣ ተማሪ ልጁን ለማየት የሚወርድ ሰው የእሳቸውን ቤት ያውቃል። ሰርቪሱ ባዶ ከሆነ እዚያ ይተኛል፤ ፈረንጅ ካለበት ትልቁ ቤት መደብ ላይ ጋደም ይላል። ስሙን የሚጠይቀው የለም። በልቶ፣ ሞቆት፣ ራሱ ወሬ ሲጀምር የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል። ባዶ እጁን ግን አይመጣም። ገብስ ይዞ ይመጣል፤ ድንች ይዞ ይመጣል፤ ምንም ያጣ እንኳ ከመንገድ ጭራሮ ለቅሞ ይመጣል።

የሁለቱንም እግር አክስቴ ያጥቡ ነበር። ፈረንጆቹ መጀመሪያ ያፍራሉ፤ ጫማቸውን አውልቀው የቆሰለ ተረከዛቸውን ሞቅ ያለው ውሃ ውስጥ ሲከቱት ግን እፍረቱን ይረሱታል። ቁርስ ላይ ዕንቁላል የሚፈልጉ ነበሩ። በሁዳዴ እሳቸው ቤት ዕንቁላል አይጠበስም፤ እንግዳም ቁርሱን አይከለከልም። ስለዚህ ጎረቤታቸው የሆነችው ሙስሊም ሴትዮ ጠብሳ፣ ሳህኑን ሸፍና በአጥሩ በላይ ታቀብላቸው ነበር። መመሪያው ስለዚህ ምንም አይልም።

ከዕለታት አንድ ቀን ስለዚሁ መመሪያ ዘገባ ሠራሁ። ፈቃድ ሳያወጡ የሚያከራዩ ሰዎች አሉ የሚል ቅሬታ ደርሶኝ ነበር፤ ቅሬታ አቅራቢዎቹ ደግሞ ፈቃድ አውጥተው ግብር የሚከፍሉ ናቸው። መመሪያውን ለሚያስፈጽመው የከተማው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አንድ ቀላል ጥያቄ አቀረብኩላቸው፦ መመሪያው ከወጣ ወዲህ ሄዳችሁ ያያችሁት ቤት አለ ወይ? ሰውየው በሐቅ፣ እስካሁን የለም አሉ። መልሳቸውን በራሳቸው ድምፅ አስተላለፍኩት። የባለቤቶቹንም፣ የእንግዶቹንም ቃል አስገባሁ። ያጋነንኩት ነገር የለም፤ ደግሜ ሰምቼው ዛሬም የማነሣው ቃል አላገኘሁበትም።

አክስቴ ያን ቀን ጎረቤት ሰብስበው፣ ጸጥ በሉ ብለው ነበር የሰሙኝ። ማታ ስልክ ደወሉ።

«ድምፅህ ጥርት ብሎ ተሰማ» አሉኝ። «ቃልም አልበዛብህ።»

ከዚያ በኋላ ደባርቅ የወጣሁት ዕረፍት ወስጄ ነው። ሰርቪሱ ውስጥ ከአምባራስ የመጣ ገበሬና እናቱ ነበሩ። የእናትየውን እግር የተናደ የካብ ድንጋይ ቀጥቅጦት ቁስሉ አልድን ብሏል፤ ሆስፒታሉ አንድ ቀን እያለፈ ያጥበዋል፣ ያስረዋል። በዚያ እግር አምባራስ ወጥቶ መመለስ አይቻልም፤ አይሱዙ ቢገኝ እንኳ ኮረኮንቹ ቁስሉን ይከፍተዋል። ስለዚህ እስኪድን አክስቴ ዘንድ ሰነበቱ። ልጅየው የሱፍ ባናውን ተከናንቦ፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከደጅ ይቀመጣል። አንደበተ ቁጥብ፣ ኩሩ ሰው ነው። ያመጣው ገብስ በከረጢት እንዳለ ከሰርቪሱ ጥግ ቆሞ ነበር።

ጠዋት ላይ ከጽሕፈት ቤቱ የቁጥጥር ባለሙያ መጣች። የዳባት ልጅ ናት፤ ወጣት፣ ሰው አክባሪ፣ ጫማዋን ደጅ አራግፋ የገባች። ከዚያ በፊት በስብሰባ ስለተያየን አወቀችኝ።

«ጋሼ! እርስዎም እዚህ ነዎት? የትኛውን ቤት አያችሁ ብለው በሬዲዮ ጠይቀውን አልነበር? ይኸው ማየት ጀመርን።»

ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። የአክስቴ ቤት ለአስፋልቱ ቅርብ ስለሆነ ከዚያ መጀመራቸው ነው። ሽንት ቤቱን አየች፤ ውሃው ነበር። ክፍሉን ንጹሕ ነው አለች። ዋጋው የታለ ስትል አክስቴ ቀን መቁጠሪያውን ገለጥ አድርገው አሳዩዋት።

«እትዬ፣ ይህማ መደበቅ ነው።»

«አልደበቅሁትም ልጄ። ቅዱሳኑ ይጠብቁታል።»

ይህንንም ሳቀችበት፤ ወደ ፊት ይወጣ ብላ አለፈችው። ከዚያ ገበሬውን አየችው። እዚህ ነው ወይ የሚያድሩት ብላ ጠየቀችው፤ አዎ አላት። ተመዝግበዋል ወይ አለች፤ ምዝገባ ምን እንደሆነ አያውቅም። ይህ ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር፤ ያልተመዘገበ ዘመድ በምክር ይታለፋል፣ ፈቃድ የሚያሳግደው ያልተመዘገበ ከፋይ ነው። ዘመድ ነው ወይስ ተከራይ የሚለውን ለመለየት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንዳያፍር ተጠንቅቃ ጠየቀችው።

«አያ፣ ለእትዬ ይከፍሏቸዋል ወይስ በነፃ ነው ያሉት?»

ሰውየው ቀና አለ። ደጃፉ ላይ እኔ አለሁ፤ እናቱ አሉ፤ ዕንቁላል የምታቀብለው ጎረቤትም ጭቅጭቅ መስሏት መጥታ ቆማለች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በመንግሥት ሰው ፊት፣ በነፃ ነው የማድረው ማለት ለእሱ ምን እንደሆነ ያገሬ ሰው ያውቀዋል። እናቱን ይዞ ሰው ቤት የተጠጋ ለማኝ ነኝ ማለት ነው። በዚያ ላይ አስተናጋጁን ማክበር አለ፤ ይህች ሴት ማንንም ሰብስባ የምታስተኛ አይደለችም፣ ቤቷ ዋጋ ያለው ቤት ነው፣ ማለት አለ።

«ከፍዬ ነው የማድረው» አለ። «በደንብ አድርጌ ከፍዬ።»

አክስቴን አየኋቸው። ባለሙያዋ እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ሰውየው ከአጠገባቸው ቆሟል። እህል አብረውት የበሉትን፣ እናቱን የሚያስታምሙለትን ሰው በአደባባይ ዋሽቷል ሊሉ አይችሉም፤ ነውር ነው።

«እንግዳዬ ካለ እኔ ምን እላለሁ» አሉ።

ባለሙያዋ ወደ እኔ ዞረች። ነገሩ ግራ እንደሆነባት ከፊቷ ያስታውቅ ነበር፤ መውጫ ትፈልግ ነበር እላለሁ።

«ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት አለ?»

ያን ጊዜ የማውቀውን ሁሉ አውቅ ነበር። አለመክፈሉን አውቃለሁ። ለምን እንደዋሸ አውቃለሁ። አክስቴ ለምን እንደማይናገሩ አውቃለሁ። ከዚያ ደጃፍ ላይ እውነቱን ማንንም ሳያዋርድ ሊናገር የሚችለው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እንግዳም አይደለሁ፣ አስተናጋጅም አይደለሁ። ግን በሥራዬ ዘመን ያልሰበርኩት አንድ ሕግ አለኝ፤ የምዘግብበት መሥሪያ ቤት ፊት ስለ ዘመዴ አፌን አልከፍትም። ከዚህ ሕግ የተነሣ የተጣሉኝ ዘመዶች አሉኝ፤ እኔ ግን ኮርቼበት ኖሬያለሁ።

«እኔ ለሥራ አልመጣሁም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና ጻፈች። ያልተመዘገበ ከፋይ እንግዳ። ፈቃዱ ለጊዜው ታገደ። ሰሌዳውን ራሷ አላወረደችውም፤ አክስቴን በጨዋ ቃል እንዲያወርዱት ጠየቀቻቸው። እሳቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። አራቱን ምስማር የነቀልኩት እኔ ነኝ። ገበሬው ምን እንደሚደረግ አልገባውም ነበር፤ ሰሌዳው እንዳይወድቅብኝ ከታች ያዘልኝ።

በማግስቱ ጽሕፈት ቤቱ ሄጄ ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋት። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ጋሼ፣ ትናንት እዚያው ነበሩ» አለችኝ። «ስጠይቅዎት ለሥራ አልመጣሁም አሉኝ። ዛሬ ታዲያ ለምንድን ነው የመጡት?»

ትናንት ብናገረው ምስክርነት ነበር፤ ዛሬ ሲሆን አማላጅነት ሆነ። ልዩነቱን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ሰዎች በማግስቱ እየደወሉ የሚያርሙልኝን ቃል ስንት ጊዜ አልቀበልም ብያለሁ። ልጅቱ ግን ክፉ አልነበረችም። አክስቴ ከእንግዲህ በግቢያቸው የሚያድረውን ሁሉ፣ ዘመድም ይሁን ከፋይ፣ በመታወቂያው እንደሚያስመዘግቡና ያልተመዘገበ እንደማያሳድሩ ከፈረሙ ፈቃዱ በዚያው ቀን ይመለሳል አለች። ተገቢ ነበር። ይህንንም ለራሴ በሚኒባስ ውስጥ፣ በአልጋዬም ላይ ደጋግሜ ብየዋለሁ።

ወደ ቤት ተመልሼ ይፈርሙ አልኳቸው። ባቄላ እየለቀሙ ሰሙኝ።

«ሲመሽ በር የመታ ሰው፣ ወረቀት ካላሳየኸኝ አላስገባህም ልበለው?»

«ደንቡ እንደዚያ ነው የሚለው፣ እቴቴ።»

«ከአምባራስ ሲወርድ የረሳውስ? ጭራሽ ያላወጣውስ?»

እኔም ከባቄላው ጠጠር መልቀም ያዝኩ።

«ደንቡ ጥሩ ነው» አሉ። «አንተም ጥሩ ነው ብለሃል፤ በሬዲዮ ሰምቼሃለሁ። ለሌላው ይሁን። እኔ ግን የማልጠብቀውን አልፈርምም።»

አጥብቄ ለመንኳቸው። ግን ያንን ቃል ከየት እንዳመጡት አውቅ ነበር። ልጅ ሳለሁ ተማሪ ቤት ያልሠራሁትን ሠርቻለሁ ብዬ ስዋሽ የሚነግሩኝ እሱን ነበር። ሐቀኛ ጋዜጠኛ ነው እየተባልኩ የተመሰገንኩበትን ጠባይ ያወጣሁት ከእሳቸው ቤት ነው። እሳቸው ሐቀኝነቱን ሲጠብቁ ገቢያቸውን ከፈሉበት። እኔ የራሴን ስጠብቅም የከፈሉት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ወደ ተራራው የሚወጡት እንግዶች ሌላ ቤት ማደር ጀመሩ። የሳሙናው፣ የከሰሉ፣ የፍራሹ ልብስ ወጪ የሚሸፈነው ከእነሱ ነበር። በእነሱ ኪራይ ነበር የአምባራስ ሰው እግሩ የሚታጠበው። ይህን አክስቴ አንድ ቀን አልተናገሩም፤ ውሃው የሚሞቅበትን ድስት ወደ ትንሹ ሲለውጡ አየሁ እንጂ።

ገበሬው ያደረገውን የሰማው ከጎረቤቷ ነው። ሆስፒታል እናቱን ሲያጅብ መንገድ ላይ አግኝታው፣ «አንተ ሀብታሙ፣ በከፈልኸው የእትዬ ሰሌዳ ወረደ» አለችው። በዚያ ሳምንት እናቱን ለአክስቴ አደራ ብሎ አምባራስ ወጣ። ቤቱን ሊያይ መስሎን ነበር።

እሑድ ቅዳሴ ከተፈታ በኋላ ተመለሰ። እኔም ጎንደር መቀመጥ አቅቶኝ በዚያው እሑድ መጥቼ ነበር። ከፊት አንድ ቄስና አንድ ሽማግሌ፣ ከኋላ እሱ ነው። በትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። በአገራችን የበደለ ሰው ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፤ ድንጋዩን ከትከሻው የሚያወርድለት የተበደለው ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ፤ ሰው ለገደለ፣ ድንበር ለገፋ። የክብር ቃል ለተናገረ ሰው ሲሆን ግን አይቼ አላውቅም።

ደጃፉ ላይ ተንበረከከ።

«እትዬ» አለ፣ «በነፃ አደርኩ ብል ድሃ ሰብስባ ይሉዎታል ብዬ ነው። እኔም አፍሬ ነው። ቤትዎን የሚዘጋ ቃል መሆኑን ባውቅ ምላሴ ይቆረጥ ነበር።»

አክስቴ ፈጠን ብለው ሄደው ድንጋዩን ከትከሻው አወረዱት። እናትየው የታሰረ እግራቸውን ዘርግተው ደጁ ላይ ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር። ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ፤ ከማሳለማቸው በፊት ግን እንደ ልማዱ ዙሪያውን አዩ።

«በዚህ ነገር ሌላ የበደለ፣ ሌላ ቅር ያለው አለ? ካለ አሁን ይናገር።»

«አለ፣ አባ» አልኩ። «እኔ...»

«ተው» አሉ አክስቴ። ወደ እኔ አልዞሩም። «እሱ የለበትም፣ አባ። እሱ ሥራውን ነው የሠራው።»

ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ ፈልጌ ነበር። ያገኘሁት ግን በዘገባው ቀን ማታ በስልክ የሰማሁትን ኩራት ነበር፤ ያንኑ ራሱን። ቄሱ የእሳቸውን ቃል ተቀብለው መስቀሉን አሳለሙን፤ ለገበሬው ይቅርታ ሰጡት። እኔን በደለኛ ነህ ያለኝ ስላልነበረ ይቅር ያለኝም የለም።

ስለ መመሪያው ሌላ ዘገባ መሥራት ይቻል ነበር፤ ባለቤቱ በነፃ የሚያሳድረው ሰው እንዴት ይታይ የሚል። እውነተኛ ጥያቄ ነው። ግን የአክስቴ ጉዳይ ስላለበት እኔ ልሠራው አይገባም። ሌላ ሰው ይሥራው ብዬ ለባልደረባ ሰጠሁት፤ እሱም እሠራዋለሁ ብሏል፤ እስካሁን አልደረሰበትም።

ባለፈው ስወጣ የእናትየው ቁስል ጠግጎ አገኘሁት፤ ለመጨረሻው ማሰር ብቻ ቀርተው ነበር። የተኙት ለፈረንጅ በተገዛው ፍራሽ ላይ ነው። የዋጋው ወረቀት ከበሩ ጀርባ የለም፤ ቀን መቁጠሪያው ግን እንዳለ ነው። ሲመሽ አክስቴ እግራቸውን ሊያጥቧቸው ትንሹን ድስት ሰጡኝና ውሃ ቅዳ አሉኝ።

ሮቶው ጋ ሄድኩ። ገበሬው ተሸክሞት የመጣው ድንጋይ ክዳኑ ላይ ተጭኗል፤ ከዚያ ወዲህ ነፋሱ አላነሣውም። በሁለት እጄ አንሥቼ መሬት አስቀመጥኩት። ውሃውን ቀዳሁ። ክዳኑን ገጥሜ ድንጋዩን መልሼ ጫንኩበትና ውሃው ሳይፈስብኝ ወደ ቤት ገባሁ።